የልጅ ሒሳብ

በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የትም ያልተጻፈ፣ ግን ከተለጠፈው ታሪፍ ይልቅ የሚከበር አንድ ሕግ አለ። የታቀፈ ልጅ አይከፍልም፤ ወንበር የያዘ ልጅ ይከፍላል። ወያላው የልደት የምስክር ወረቀት አይጠይቅም፤ ቁመትም አይለካም። “ማዘር፣ ልጁን ይቀፉልኝ!” ይላል። ማዘር ካቀፉ ነገሩ አለቀ። ካላቀፉ የልጅ ሒሳብ ይመጣል። የልጅ ሒሳብ ደግሞ ያው የአዋቂ ሒሳብ ነው።

በዚህ ሕግ የተነሣ እግሩ መሬት የሚነካ ልጅ በእናቱ ጭን ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ከጀሞ ሜክሲኮ ይደርሳል። “ስንት ዓመቱ ነው?” ሲባል እናት “ገና አምስቱ ነው” ትላለች። ልጁ ክብሩ ተነክቶ “ኧረ ሰባት ሞልቶኛል!” ብሎ ያጋልጣታል። ታክሲው በሙሉ ይስቃል። እናትም አብራ ትስቃለች፤ እጇ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ሳንቲም እየፈለገ ነው።

እኔ ይህን ሳይ ከሳቁ ይልቅ ሒሳቡ ይቆየኛል። እስቲ አብረን እናስላው። ጀሞ የሚኖሩ ባልና ሚስት እሑድ ዕለት ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው እንጦጦ ሊወጡ ተነሡ እንበል። ለመድረስ ሦስት ጊዜ ታክሲ ይይዛሉ። አምስት ሰው በሦስት ታክሲ 15 ሒሳብ ነው። ደርሶ መልስ ሲሆን 30 ይሆናል። ገና ውኃ አልተገዛም፤ ገና ልጆቹ ቆሎና ማስቲካ አላዩም፤ ቤተሰቡ ግን 30 ጊዜ ከፍሏል። እንግዲህ አባወራው “ሌላ ጊዜ እንሄዳለን” ቢል ይፈረድበታል? “ሌላ ጊዜ” የሚባለው ቀን ደግሞ እንደምታውቁት በዓመት ውስጥ የለም።

አንድ ቤተሰብ ከተማውን አይቶ ለመመለስ የሚከፍለው የትራንስፖርት ሒሳብ እንዲህ ተራ ነገር ይመስላል። ታሪኩ ግን ረጅም ነው፤ ሙግትም፣ ሞትም፣ ፓርላማም አለበት።

በከተማ ውስጥ መስመርና ሰዓት ጠብቆ፣ ለተሳፋሪ ሁሉ እኩል ዋጋ እያስከፈለ የሚሄድ ሠረገላ ያሰበው ፈረንሳዊው የሒሳብና የፍልስፍና ሰው ብሌዝ ፓስካል ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1662 የመጀመሪያዎቹ ሠረገላዎች ፓሪስ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ዋጋው አምስት ሶል ነበር፤ ስማቸውም “የአምስት ሶል ሠረገላዎች” ተባለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የራሱ ሠረገላ የሌለው ሰው ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ይሂድ ነው። ፓስካል ከትርፉ የሚደርሰውን ድርሻ ለድሆች ሊሰጥ አስቦ ነበር። ነገር ግን የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሲያጸድቅ አንድ ነገር አስገባበት፤ ወታደር፣ አሽከርና የጉልበት ሠራተኛ በእነዚህ ሠረገላዎች እንዳይሳፈር ከለከለ። ይታያችሁ፤ ገንዘቡ ለድሃ ሊሰጥ ታሰበ፣ ወንበሩ ግን ተነፈገው። ፓስካል በዚያው ዓመት ነሐሴ ሞተ፤ ሥራውም ብዙ ሳይቆይ ከሰመ።

ከዚያ በኋላ 160 ዓመት ያህል አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1829 ጆርጅ ሺሊቢር የተባለ ሰው ሦስት ፈረሶች የሚጎትቱት፣ 22 ሰው የሚይዝ ኦምኒባስ ለንደን ውስጥ አስጀመረ። አውቶቡስ የምንለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። “ኦምኒባስ” በላቲን “ለሁሉም” ማለት ነው። ስሙ ለሁሉም ይሁን እንጂ ዋጋው ለሁሉም አልነበረም። ሙሉው መንገድ አንድ ሺሊንግ ነበር፤ ለቀን ሠራተኛ አይቀመስም። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብማ በር ላይ ቆሞ ፈረሶቹን አይቶ ይመለስ እንደሆነ ነው።

ለድሃ መንገደኛ በሩን ያስከፈተው አሳዛኝ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 24 ቀን 1841፣ ማለትም በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ፣ ከለንደን የተነሣ ባቡር ሶኒንግ በተባለ ቦታ ከተናደ አፈር ጋር ተላተመ። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ሟቾቹ ጣሪያ በሌለው የሦስተኛ ማዕረግ ጋሪ፣ ከዕቃ ጋር ተጭነው የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ለበዓል ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር። ርካሽ ቲኬት የገዛ ሰው እንደ ጆንያ የሚጫነው እስከ መቼ ነው? የሚል ጥያቄ ተነሣ።

መልሱ የመጣው በ1844 በወጣው የባቡር ሕግ ነው። ፓርላማው የባቡር ኩባንያዎችን አስገደደ፤ በየመስመሩ በቀን ቢያንስ አንድ ባቡር ለተራው ሕዝብ ይሂድ፣ ጣሪያና መቀመጫ ይኑረው፣ በየጣቢያው ይቁም፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ12 ማይል (19 ኪሎ ሜትር ገደማ) አይነስ፣ ዋጋውም በማይል ከአንድ ፔኒ አይብለጥ አለ። በዚሁ ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ አንቀጽ አለ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ፤ ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለው በግማሽ ዋጋ ይሂድ ይላል። እንግዲህ የልጅ ሒሳብ በሕግ የተጻፈው እዚህ ላይ ነው። እኛ ታክሲ ውስጥ በጭን የምንደራደርበትን ነገር፣ እነሱ በአንቀጽ አስቀመጡት። የሕጉ ብልህነት ልጅን ለብቻው ያለ መንገደኛ አድርጎ አለመቁጠሩ ነው። ልጅ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ አይደለማ!

ፍሬው ከሰባት ዓመት በኋላ ታየ። በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከብረትና ከመስተዋት በተሠራ ግዙፍ አዳራሽ ታላቁ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። መግቢያው መጀመሪያ የሀብታም ዋጋ ነበር፤ በኋላ ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ አንድ ሺሊንግ ተደረገ። የባቡር ኩባንያዎች መንገደኛ ለመንጠቅ ፉክክር ገጠሙና ከሰሜን እንግሊዝ ለንደን ደርሶ መልስ እስከ አምስት ሺሊንግ ወረደ። ቶማስ ኩክ የተባለው የጉዞ አዘጋጅ ብቻውን ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ሰው እንዳጓጓዘ ይነገራል። የፋብሪካ ሠራተኞች ገንዘቡን እንዴት አገኙት? እቁብ ጣሉ! ስሙ የጉዞ ማኅበር ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ በየሳምንቱ ከደመወዛቸው ትንሽ ትንሽ እያዋጡ የቲኬቱንና የማደሪያውን ያጠራቅሙ ነበር። በአምስት ወር ተኩል ውስጥ ስድስት ሚሊዮን ጊዜ ተጎበኘ። ባቡሩም ያልደረሳቸው አልጠፉም፤ ሜሪ ካሊናክ የተባሉ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው አሮጊት ከምዕራቡ ጫፍ ከፔንዛንስ ለንደን ድረስ በእግራቸው መጥተዋል። ሰው ማየት ከፈለገ እንዲህ ነው። ግን ስንቱ ነው ለማየት ሲል ይህን ያህል የሚሄድ?

ያ ዐውደ ርእይ አተረፈ። በትርፉ ሳውዝ ኬንሲንግተን መሬት ተገዛ፤ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ የሳይንስ ሙዚየምና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚገኙት እዚያ ላይ ነው። የሺሊንጉ ሕዝብ ያወጣው ገንዘብ ለልጅ ልጆቹ ሙዚየም ሆነ ማለት ነው። ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ መደበኛ መግቢያቸው በነፃ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር እነዚህን ሙዚየሞች ለማየት ዕድሉን አግኝቼ ነበር። ልጆቹ አምስት፣ ሰባትና ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የተቀበለን የእህቴ ልጅ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳንወጣ፣ “ጋሼ፣ ለልጆቹ ቲኬት እንዳይገዙ” አለኝ። እኔማ “እንቀፋቸው?” ልለው ምንም አልቀረኝ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ለንደን ውስጥ ከ11 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአውቶቡስ አይከፍልም። በምድር ውስጥ ባቡርም አንድ አዋቂ እስከ አራት ልጅ በነፃ ይዞ ይገባል። ሠራተኛው ሰፊውን በር ይከፍታል፤ ልጆቹ እንደ ሰው በእግራቸው ይገባሉ፣ እንደ ሰው ወንበር ይይዛሉ። ከ11 እስከ 15 ዓመት የሆነ እንግዳ ልጅ ቢኖረን ደግሞ ጣቢያ ላይ ካርዱ ላይ ተመዝግቦለት ለ14 ቀን በግማሽ ዋጋ ይሄድ ነበር።

እኔና ባለቤቴ የምንከፍለውም “ጣሪያ” አለው። ካርዱን በገባንና በወጣን ቁጥር እናስነካለን፤ ማሽኑ ይደምራል። ድምሩ የዕለቱን ጣሪያ ሲነካ መቁጠሩን ያቆማል። ከዚያ በኋላ እስከ ሌሊት ብትዞሩ ተጨማሪ የለም። የሚጠየቀው ጥንቃቄ አንድ ነው፤ ለየአዋቂው አንድ ካርድ፣ እሱንም ቀኑን ሙሉ አለመለዋወጥ። ጠዋት በካርድ፣ ከሰዓት በስልክ ያስነካ ሰው ለማሽኑ ሁለት ሰው ነው። በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ መነሣት ባቡሩን ያረክሰዋል። በመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ካርድ ካስነኩ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ቢይዙ ሁለተኛው አይከፈልበትም። በካርታ ሩቅ የሚመስሉ ጣቢያዎች ደግሞ ጎረቤት ሆነው ይገኛሉ። ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን መካከል ያለው ርቀት 300 ሜትር አይሞላም፤ ወደ ምድር ወርዶ ባቡር ጠብቆ ከመውጣት በእግር መሄድ ይፈጥናል።

እንዲህ እያልን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደረስን። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድ የዚህ ሙዚየም ይዞታ ነው። የለንደን ልጅ ከቤቱ ተነሥቶ እዚያ ለመግባት የሚከፍለው ምንም የለም፤ ትራንስፖርቱም መግቢያውም በነፃ ነው። የእኛ አገር ዘውድ የተወሰደበትን ታሪክ ለጊዜው እናቆየው፤ እሱ ራሱን የቻለ ሐዘን ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላው ነገር ነው። የዐፄ ምኒልክን የእንጦጦ ቤተ መንግሥት ያላየ ስንት የአዲስ አበባ ልጅ አለ? በቤቱና በእንጦጦ መካከል ያሉት ሦስት ታክሲዎች ናቸው።

“እነሱማ ሀብታም ናቸው” ልትሉኝ ነው። ልክ ነው፤ ግን ነገሩ በሀብት ብቻ አልመጣም። በ1981 የለንደን ምክር ቤት ኬን ሊቪንግስተን በሚመሩት ጊዜ የአውቶቡስና የባቡር ዋጋ በአማካይ 32 በመቶ ቀነሰ። ልዩነቱን ነዋሪው ከሚከፍለው የቤት ግብር እንሸፍናለን አለ። ከለንደን ዳርቻ ያለችው ብሮምሊ ግን “እኛ ዘንድ የምድር ባቡር ጣቢያ እንኳ የለም፤ ለሌላው ተሳፋሪ ለምን እንከፍላለን?” ብላ ከሰሰች። ክርክሩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ደረሰ። ሙግቱ ከዞረባቸው ነገሮች አንዱ በሕጉ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ነበረች፤ ትራንስፖርቱ “ኢኮኖሚያዊ” ይሁን የምትል። ዳኞቹ በታኅሣሥ 1981 ለብሮምሊ ፈረዱ። በመጋቢት 1982 ዋጋው እጥፍ ሆነ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ምክር ቤቱ ሕጉን የሚያሟላ ሌላ እቅድ አዘጋጅቶ በግንቦት 1983 ዋጋውን በ25 በመቶ ቀነሰ፤ አውቶቡስንና የምድር ባቡርን በአንድ ቲኬት የሚያስኬደውን ትራቭልካርድም አመጣ። በ2003 የወጣው ኦይስተር ካርድና በ2005 የተጨመረው የዕለት ጣሪያ የዚያ ቲኬት ልጆች ናቸው። እኛ ካርድ አስነክተን የምናልፍበት በር በሙግት የተከፈተ በር ነው።

የትራንስፖርት ሒሳብ አገር እንደሚያናውጥ ደግሞ እኛን ማንም አያስተምረንም። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ የታክሲ ሾፌሮች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን አድማ መቱ። መንግሥት በቀናት ውስጥ የነዳጁን ዋጋ መልሶ ቀነሰ፤ ማዕበሉ ግን አልተመለሰም። ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ራሱ ወረደ። አብዮቱ የመጣው በታክሲ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ያን ዘመን ያስታወሰ ባለሥልጣን የታሪፍን ነገር ቀላል ጉዳይ አይለውም።

እኛም ያየነው ጥሩ ነገር አለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በዚያ ሰሞን ሥራ ሳይኖራቸው ልጆቻቸውን ይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደው የተመለሱ ስንት ወላጆች ነበሩ! “የት ልትሄዱ ነው?” ሲባሉ “የትም፤ ልናይ ነው” ይሉ ነበር። በእኔ ግምት ይህ መልስ የከተማ ኑሮ ትልቁ መልስ ነው። ሰው ለሥራ፣ ለሐኪም ቤትና ለለቅሶ ብቻ የሚሳፈርበት ከተማ ገና የነዋሪው አልሆነም።

ዋናው ሸክም ግን ታክሲው ላይ ነው፤ ታክሲ ላይ ደግሞ “ቆርጦ መጫን” የሚባል ነገር አለ። ታሪፉ በርቀት የተመደበ ስለሆነ አጭሩ መንገድ በኪሎ ሜትር ሲታሰብ ከረጅሙ ይወደዳል። ስለዚህ አንዱን ረጅም መስመር ለሁለት ቆርጦ የጫነ ሾፌር የበለጠ ያገኛል። መሐል መንገድ ላይ “መጨረሻ! መጨረሻ!” ይባላል፤ ሁላችንም ወርደን ቀጣዩን እንጠብቃለን። ሾፌሩንም ወያላውንም ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም፤ ለባለ ንብረት የሚገባ፣ ለነዳጅና ለመለዋወጫ የሚወጣ አለባቸው። የታሪፉ አሠራር ራሱ “ቁረጥ” ይላቸዋል። ለብቻው የሚሄድ ሰው አንድ ጊዜ ይቆረጥበታል። ባለ ሦስት ልጅ ግን አምስት ጊዜ ይቆረጥበታል።

አሁን ወደዚያ የጀሞ ቤተሰብ ሒሳብ እንመለስ። ሁሉም ከከፈሉ 30 ነው። ትንሹ ከታቀፈ 24 ይሆናል። የ1844ቱን ሕግ ወስደን ሦስቱንም ልጆች ግማሽ ብናስከፍል 21። ልጆቹን በነፃ ብናሳፍር 12። ከዚያ ላይ ታክሲ ወይም አውቶቡስ መለወጥ እንደ አዲስ ጉዞ ባይቆጠር አራት! ሁለት ወላጅ፣ ሄዶ መመለስ፣ አራት። ከ30 እስከ አራት ያለው መንገድ በሙሉ የሕግና የአሠራር መንገድ ነው። አስፋልት አይጠይቅም፤ ድልድይ አይጠይቅም።

ወጪውን ማን ይሸፍን? ብሮምሊም የጠየቀችው ይህንኑ ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የታክሲ ባለ ንብረቱ ከኪሱ ይሸፍን ማለት አይቻልም። ግን ከተማው በሚያንቀሳቅሳቸው አውቶቡሶች ላይ፣ ሌላው ቢቀር እሑድና በዓል ቀን፣ ወላጁን ይዞ የወጣ ልጅ በነፃ ይሂድ ቢባል ምን ይጎድላል? እሑድ ጠዋት ብዙ ወንበር ባዶውን ነው የሚሄደው። ባዶ ወንበር ላይ ልጅ ቢቀመጥበት ነዳጁ አይጨምርም።

እስከዚያው የሚቻለውን ማድረግ የየቤታችን ፋንታ ነው። የከተማ አውቶቡስ ባለበት መስመር ታክሲን ማስቀረት፤ ለውጥ የሌለበትን መንገድ፣ ቢዘገይም፣ መምረጥ፤ ከሦስቱ ታክሲ አጭሩን በእግር መተካት። አምስት ሰው አንድ ታክሲ ሲዘል በደርሶ መልስ አሥር ሒሳብ ይተርፋል። በአሥር ሒሳብ ደግሞ ለልጆች ቆሎ ብቻ አይደለም፣ ምሳም ይገኝበት ይሆናል። ጎረቤታሞች በወር አንዴ እቁብ ቢጤ ጥለው አንድ ሚኒባስ በኮንትራት ቢይዙም ያዋጣል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ!

ባለፉት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ መናፈሻዎች ተሠርተዋል። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከተለ። መልካም ነው። ነገር ግን ስለ መናፈሻ ስናወራ የምንጠቅሰው የመግቢያውን ዋጋ ብቻ ነው። ለቤተሰብ የመግቢያው በር የሚጀምረው ከሰፈሩ ታክሲ ተራ ላይ ነው። እዚያ ላይ ስንት ልጅ አባቱ በጣቱ ሲያሰላ አይቶ፣ ነገሩ ገብቶት፣ “እኔ እንኳ ብዙም መሄድ አልፈለግሁም” ብሎ ይሆን? ልጅ እንዲህ ሲል ሒሳቡን ከፍሏል። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1844 በአንድ አንቀጽ ከልጅ ትከሻ ያወረደው ይህን ዕዳ ነው። እኛም ብንጽፈው ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም።